የምርት ኃላፊነት ኢንሹራንስ ካለን ለሪኮል ሌላ መግባት አለብን?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ሁለት እህትማማቾች የለውዝ ቅቤና የታሸገ ጭማቂ ያመርታሉ። ድርጅታቸው ትንሽ ነው። አንድ ትልቅ የሱፐርማርኬት ሰንሰለት ምርታቸውን ሊወስድ ተስማምቶ ውሉ ላይ «የሪኮል ኢንሹራንስ ማስረጃ ይቅረብ» የሚል መስመር አስገባ። ሪኮል ማለት ችግር ያለበትን ምርት ከገበያ መልሶ መሰብሰብ ነው። የኢንሹራንስ ወኪላቸው ደግሞ «የምርት ኃላፊነት ኢንሹራንስ አላችሁ፣ እሱ ይበቃል፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ» አላቸው። ማንን እንመን? ከገባንስ በምን ያህል? ጭማቂውንስ እንጨምረው? አሁን ባንገባና ለከርሞ ብናቆየውስ? ነው የሚሉት።

ሱፐርማርኬቱን እመኑ። ወኪላችሁ ክፉ አስቦ አይመስለኝም፤ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎባችኋል። የምርት ኃላፊነት ኢንሹራንስ የሚከፍለው ምርታችሁ ሰው ሲጎዳ ወይም የሌላ ሰው ንብረት ሲያበላሽ ነው። ሰው ታመመ፣ ከሰሰ፣ ጠበቃ ተያዘ፣ ካሳ ተፈረደ፤ እዚያ ላይ አለ። ማንም ሳይታመም ላቦራቶሪ ደውሎ «ይሄ ባች (በአንድ ዙር የተመረተው ምርት) ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አለበት» ቢላችሁስ? በየሱቁ የተበተነውን ብልቃጥ የምትሰበስቡት በራሳችሁ ኪስ ነው። እንዲያውም አብዛኛው የኃላፊነት ፖሊሲ (የመድን ውል) ምርትን ከገበያ ለማውጣት፣ ለመመርመር፣ ለመተካት ወይም ለማስወገድ የሚወጣውን ወጪ በግልጽ የሚያስቀር አንቀጽ አለው። ፖሊሲያችሁን አውጡና ፈልጉት፣ አታጡትም። የዚህ አንቀጽ ሐሳብ የመጣው ከአውሮፕላን ዘርፍ ነው። አንድ አውሮፕላን በፋብሪካ ጉድለት ቢከሰከስ መድን ሰጪው ለዚያ አደጋ ይከፍላል፤ በዚያው ጥርጣሬ ከበረራ ታግደው የሚፈተሹት መሰሎቹ ግን የአምራቹ ጣጣ ናቸው። ለውዝ ቅቤ ላይም የሚሠራው ይኸው ነው።

ብዙ ሰው ኪሳራውን ሲገምት የተጣለውን ምርት ዋጋ ብቻ ያሰላል። ሐሙስ ከሰዓት ነው እንበል፣ ላቦራቶሪው ደወለ። መስመሩ ይቆማል። መጋዘን ውስጥ ያለው ባች ላይ «እንዳይነካ» ተብሎ ይለጠፍበታል። አንዳችሁ የሽያጭ ደረሰኝ ዘርግታ ያ ባች ለየትኛው አከፋፋይ፣ ስንት ካርቶን፣ በየትኛው ቀን እንደሄደ ትቆጥራለች፤ ሌላዋ ስልክ ላይ ናት። አንዱ አከፋፋይ ዕቃውን ለሌሎች ሱቆች አካፍሎታል፣ የሱቆቹን ስም የሚያውቀው የሂሳብ ሠራተኛ ደግሞ እረፍት ወጥቷል። ከዚያ መኪና፣ ነዳጅ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የተመለሰው ከደህናው ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው የሚቀመጥበት ቦታ፣ ለሕዝብ የሚነገር ማስታወቂያ ይከተላል። ምርቱን ወስዶ መጣልም አይበቃም። በምስክር ፊት መወገዱን የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ አንዱ ለቅሞ መልሶ ይሸጠዋል፣ እናንተም ካሳ ስትጠይቁ እጃችሁ ላይ ማስረጃ አይኖርም። ማሽኑ ተፈትቶ ይታጠባል። ከወለሉም ከግድግዳውም ናሙና እየተወሰደ ውጤቱ ንጹሕ እስኪሆን ማምረት የለም። ደሞዝና ኪራይ ግን አይቆሙም።

በዚህ ላይ የሱፐርማርኬቱ ሂሳብ ይመጣል። ከመደርደሪያ ለማንሳት የወጣ ጉልበት፣ ለደንበኛ የተመለሰ ገንዘብ፣ ያጡት ትርፍ፣ አንዳንዴም ምን እንደሆነ በቅጡ የማይታወቅ «የአስተዳደር ክፍያ»። ባዶው መደርደሪያም አይጠብቃችሁም፣ ተፎካካሪ ይሞላዋል። እኔ ከማየው፣ ትናንሽ ድርጅቶች የመሰብሰቡን ወጪ ተበድረውም ቢሆን ይወጡታል። የሚጥላቸው ከዚያ በኋላ ያሉት ጭር ያሉ ወራት ናቸው።

ደህና የሆነ የሪኮል ፖሊሲ እነዚህን ይዞ ነው የሚመጣው። የመሰብሰብና የማስወገድ ወጪ፣ የተጣለውን ምርት የመተካት ወጪ፣ በሽያጭ መቀነስ ያጣችሁት ትርፍ (ብዙ ጊዜ እስከ 12 ወር)፣ ስማችሁን መልሶ ለመገንባት የሚወጣ ወጪ፣ የአማካሪ ክፍያ፣ እና ገዢዎቻችሁ በእናንተ ምክንያት ያወጡት ወጪ። የመጨረሻው «የሦስተኛ ወገን የሪኮል ኃላፊነት» ይባላል። ሱፐርማርኬቱ ውል ላይ የጻፈው እሱን አስቦ ነው፤ የእናንተ ትርፍ ማጣት አያሳስበውም። ብዙ ፖሊሲዎች እሱን የሚያስገቡት ደግሞ ተጨማሪ ሲከፈልበት ብቻ ነው። ስለዚህ ሳታረጋግጡ ገዝታችሁ ብትመጡ፣ ከፍላችሁም የውሉን ግዴታ ላታሟሉ ትችላላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በርከስ ያለ ነገር አለ፤ በነባሩ የኃላፊነት ፖሊሲ ላይ እንደ ቅጥያ የሚጨመር «የሪኮል ወጪ» ሽፋን። መጥፎ አይደለም። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው የመሰብሰቡን ወጪ ብቻ ነው፣ ጣሪያውም ዝቅተኛ ነው። ያጣችሁት ትርፍ የለም፣ የሱፐርማርኬቱ ሂሳብም የለም። ወኪላችሁ «እሺ ይሄው ጨመርኩላችሁ» ቢላችሁ የትኛውን እንደጨመረ በጽሑፍ ጠይቁት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰው ፖሊሲ ሲገዛ ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው የካሳው ጣሪያ ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው መድን ሰጪው መቼ መክፈል እንደሚጀምር የሚወስነውን አንቀጽ ነው። ጣሪያው የቱንም ያህል ቢሆን ያ በር ካልተከፈተ ምንም የለም። አንዳንዱ ፖሊሲ ምርቱ ጉዳት «የሚያስከትል» መሆን አለበት ይላል። ሌላው «ሊያስከትል የሚችል» ከሆነ ይበቃዋል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ነው፣ በገንዘብ ግን ሁሉም ነገር ነው።

አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ አለ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሊትል ሌዲ ፉድስ የሚባል የምግብ አምራች ምርቱን ሲያስመረምር ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘበት። ምርቱ ተያዘ፣ ተወገደ። በኋላ ሲጣራ የተገኘው ሰው የሚያሳምመው የሊስቴሪያ ዓይነት አልነበረም። መድን ሰጪው አልከፍልም አለ፤ በ2011 ፍርድ ቤቱም ከመድን ሰጪው ጋር ቆመ፣ ምክንያቱም በፖሊሲው ቃል መሠረት ምርቱ ጉዳት የሚያስከትል ሆኖ መገኘት ነበረበት። አስቡት፣ አምራቹ ያደረገው ማንኛውም ጨዋ አምራች የሚያደርገውን ነው። ተጠራጠረ፣ ያዘ፣ አስወገደ። ለጥንቃቄው ግን ፖሊሲው አልከፈለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ይባስ ያናድዳል። በመስከረም 2006 አሜሪካ ውስጥ ስፒናች ላይ ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ተገኝቶ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ «የታሸገ ትኩስ ስፒናች አትብሉ» ብሎ ለሕዝብ አወጀ። ፍሬሽ ኤክስፕረስ የተባለው ኩባንያ ሽያጩ ቆመ፣ ምርቱን ሰበሰበ። ብክለቱ በኋላ የተገኘው ሌላ ኩባንያ ባሸገው ምርት ላይ ነው። ኩባንያው ካሳ ጠየቀ፤ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረደለት፤ ይግባኝ ሰሚው በ2011 ሻረው። ኪሳራው የመጣው ከመንግሥት ማስጠንቀቂያ እንጂ ፖሊሲው ከሚሸፍነው የኩባንያው የራሱ ስህተት አይደለም ተባለ። ይህን ቀዳዳ ሊደፍን የሚችል ሽፋን ይገኛል፤ የመንግሥት አካል በሚያዝዘው ሪኮል የሚነሳ ሽፋን ነው፣ ለብቻው ይጠየቃል። ለውዝ በጅምላ እየተጠረጠረ የሚሸሽ ምርት ስለሆነ ለእናንተ አስፈላጊ ይመስለኛል።

የጊዜ ገደብም አለ። ብዙ ፖሊሲዎች የሕመሙ ምልክት ምርቱ ከተበላ በኋላ በተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በ120 ቀን ወይም በ365 ቀን ውስጥ የሚታይ መሆን አለበት ይላሉ። ለሳልሞኔላ ችግር የለውም፣ በቀናት ውስጥ ራሱን ያሳያል። ግን በ2005 ብሪታኒያ ውስጥ የሆነውን አስታውሱ። ሱዳን 1 የሚባል ለምግብ የተከለከለ ቀለም የገባበት የሚጥሚጣ ዱቄት አንድ ሶስ ውስጥ ገባ፣ ሶሱ ደግሞ ሌሎች ምግቦች ውስጥ ገባ፣ በመጨረሻ ከ400 በላይ ምርቶች ተሰበሰቡ። ቀለሙ የተፈራው በረጅም ጊዜ ካንሰር ያመጣል ተብሎ ነው፤ በ120 ቀን ውስጥ ማንም አይታመምም። እንዲህ ያለ ጉዳይ በዚያ የጊዜ ገደብ የት እንደሚወድቅ አሁኑኑ መጠየቅ ነው። ለውዝ ላይ ደግሞ አፍላቶክሲን አለ። ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ ነው፣ በአነስተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጉበትን ይጎዳል፣ በብልጭታ የሚታይ ነገር አይደለም። የለውዝ ቅቤ አምራች ሆኖ «አፍላቶክሲን ከተፈቀደው መጠን በላይ ቢገኝብን ትከፍላላችሁ ወይ?» ብሎ በጽሑፍ ሳይጠይቅ ፖሊሲ የሚፈርም ሰው ይገርመኛል።

የማይሸፈኑትን ቶሎ ልለፋቸው። ጣዕሙ ተበላሸ፣ ዘይቱ ተለየ፣ ክዳኑ ላላ፣ ክብደቱ ጎደለ፤ ሰው የማይጎዳ ከሆነ የጥራት ጉዳይ ነው፣ የለም። ቀኑ ያለፈበት ምርት የለም። ፖሊሲው ከመጀመሩ በፊት የምታውቁት ችግር የለም። እያወቁ የተከለከለ ነገር መጨመር በጭራሽ የለም። በሌላ በኩል የአለርጂ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ይሸፈናል፣ ይህ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌብል ላይ ያልተጻፈ አለርጂ አምጪ ነገር ከተለመዱት የሪኮል መንስኤዎች አንዱ ነው። የድሮው ሌብል ጥቅል ማሽኑ ላይ ቀርቶ ሰሊጥ ያለበት ምርት ሰሊጥ በሌለው ምርት ሌብል ይታሸጋል። በቃ። ምግቡ ምንም አልሆነም፣ ሪኮሉ ግን ሙሉ ሪኮል ነው።

«ጥፋቱ የአቅራቢው ከሆነ እሱ ይክፈል» የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ብዙ አትመኩበት። በ2008 እና በ2009 አሜሪካ ውስጥ ፒነት ኮርፖሬሽን ኦፍ አሜሪካ ከሚባል ኩባንያ የወጣ የለውዝ ምርት ሳልሞኔላ ነበረበት። 714 ሰዎች መታመማቸው ተመዘገበ፣ 9 ሞቱ፣ ከ3,900 በላይ የተለያዩ ምርቶች ተሰበሰቡ። ከነዚህ ምርቶች አብዛኞቹን የሠሩት ብስኩት፣ አይስክሬም፣ ከረሜላ ያመርቱ የነበሩ ሌሎች ድርጅቶች ናቸው፤ ጥፋታቸው ያንን ለውዝ መግዛታቸው ነው። ኩባንያው በየካቲት 2009 ኪሳራ አውጆ ተዘጋ። ፕሬዚዳንቱ ቆይቶ በ2015 የ28 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ የለውዙ ገዢዎች ግን ከእስሩ አንድ ሳንቲም አይወጣላቸውም። ከአቅራቢያችሁ ጋር «ካሳ እከፍላለሁ» የሚል ውል ፈርሙ፣ ግን የእሱንም የኢንሹራንስ ማስረጃ ጠይቁ፣ በየዓመቱም አሳድሱት። ባዶ ኪስ ያለው ሰው ፊርማ ምንም አያደርግላችሁም።

ስንት እንግባ ላላችሁት። እኔ የማሰላው እንዲህ ነው። ትልቁን ባች ውሰዱ። በማንኛውም ቀን ገበያ ላይ ስንት ባች እንዳለ ገምቱ፤ የለውዝ ቅቤ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ቁጥሩ ከምትገምቱት በላይ ነው። ለመሰብሰብና ለማስወገድ የሚወጣውን ጨምሩ፣ የሱፐርማርኬቱን ሂሳብ ጨምሩ፣ የጥቂት ወራት ጥቅል ትርፍ ጨምሩ። ጣሪያው ከዚያ ማነስ የለበትም። ከጣሪያው በላይ ግን ኤክሰሱን እዩ፣ ማለትም መድን ሰጪው መክፈል ከመጀመሩ በፊት ራሳችሁ የምትሸፍኑትን መጠን። አረቦን (ለመድን ሰጪው የምትከፍሉት ዋጋ) እንዲቀንስ ኤክሰሱን ከፍ ማድረግ ያጓጓል። ለትልቅ ፋብሪካ ጥሩ ነው። ለእናንተ ግን ኤክሰሱ ባንክ ካላችሁ ገንዘብ ከበለጠ ፖሊሲው ጌጥ ነው፤ የትንሽ ድርጅት ሪኮል አብዛኛው ከዚያ በታች ይቀራል። መድን ሰጪዎች ዝቅተኛ የአረቦን ወለል ስላላቸው ለትንሽ ድርጅት ዋጋው ሊከብድ ይችላል፤ የአምራቾች ማኅበር ካላችሁ በቡድን መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ግን አረቦን ከመክፈላችሁ በፊት፣ ዛሬውኑ፣ በነጻ የምትሠሩት ነገር አለ። የባች ቁጥር። የወሩን ምርት በሙሉ በአንድ ቁጥር የምታወጡ ከሆነ የአንድ ቀን ችግር የአንድ ወር ሪኮል ነው። ከትናንት የተረፈውን ቅቤ ዛሬ ከሚሠራው ጋር የምትቀላቅሉ ከሆነ ደግሞ ይባስ፣ ብክለቱ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ ማንም ማሳየት አይችልም። ቶፕስ ሚት የተባለ አሜሪካዊ የሥጋ አምራች በ2007 በኢ. ኮላይ ምክንያት መጀመሪያ እንዲመለስ የጠራው 150 ቶን ገደማ የተፈጨ ሥጋ ነበር። በቀናት ውስጥ ጥሪው ሰፍቶ የአንድ ዓመት ምርት ሆነ፣ 9,800 ቶን ገደማ። ከ1940 ጀምሮ የሠራ ድርጅት በሳምንት ውስጥ ተዘጋ። በሁለት ባች መካከል ማሽኑ ታጥቦ የታጠበበት ሰዓት ከተመዘገበ ያ የመዝገብ መስመር ማንኛውም ፖሊሲ ከሚያድናችሁ ገንዘብ በላይ ያድናችኋል።

ራሳችሁን ፈትኑ። ከሱቅ አንድ ብልቃጥ ግዙ። ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ ለውዙ ከየት እንደመጣ፣ ጨዉ ከየት እንደመጣ፣ ያው ባች ለእነማን እንደተሸጠ አውጡ። ቢአርሲጂኤስ (ቀድሞ ቢአርሲ) የሚባለው የምግብ ደኅንነት መስፈርት ይህ በ4 ሰዓት ውስጥ እንዲጠናቀቅ ይጠይቃል። ሁለት ቀን ከፈጀባችሁ ችግራችሁ ኢንሹራንስ አይደለም ገና።

የማመልከቻ ፎርሙንም ወኪሉ እንዳይሞላላችሁ። «እያንዳንዱን ባች ታስመረምራላችሁ?» ይላል። እሱ «አዎ» ይላል፣ ሽያጩ እንዳያመልጠው። እናንተ ደግሞ የምታስመረምሩት አልፎ አልፎ ነው። ካሳ የጠየቃችሁ ቀን መርማሪው መጀመሪያ የሚያወጣው ያንን ፎርም ነው፣ የላቦራቶሪ ውጤቶቻችሁን አጠገቡ አድርጎ። ውሸት ከተገኘ ፖሊሲው እንዳልነበረ ሊቆጠር ይችላል። «በየአሥረኛው ባች» ከሆነ «በየአሥረኛው ባች» ብላችሁ ጻፉ፤ አረቦኑ ቢጨምርም ይጨምር።

ቀኑ ሲመጣ ለመድን ሰጪው በዚያው ቀን ደውሉ። አንዳንድ ፖሊሲዎች 24 ሰዓት ሙሉ ስልክ የሚያነሱ የቀውስ አማካሪዎች አብረው ይሰጣሉ፤ ለትንሽ ድርጅት ይህ ከገንዘቡ ያልተናነሰ ጥቅም አለው፣ ምክንያቱም በዚያ ድንጋጤ መሀል ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሚላክ ደብዳቤ ከዚህ በፊት ጽፎ የሚያውቅ ሰው ከጎናችሁ አለ ማለት ነው። ለሱፐርማርኬቱ «ሁሉንም እንከፍላለን» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ናሙና ሳታስቀምጡ አታስወግዱ። ነገር ግን መድን ሰጪው እስኪፈቅድ ብላችሁ ምርቱን መደርደሪያ ላይ አታቆዩ፤ ሕጉም ኅሊናም አይፈቅድም።

ጭማቂውን በተመለከተ፣ መድን ሰጪው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ፓስቸራይዝድ (በሙቀት የታከመ) ነው?» ብሎ ነው። በ1996 ኦድዋላ የተባለው ኩባንያ በሙቀት ያላከመው የፖም ጭማቂ በኢ. ኮላይ ተበክሎ አንዲት ሕፃን ሞታለች፣ ከ60 በላይ ሰዎች ታመዋል። የአሲዱ መጠን ባክቴሪያውን ይገድለዋል የሚለው የቆየ እምነት እዚያ ላይ አከተመ። ጭማቂያችሁ በሙቀት ካልታከመ ወይ አረቦኑ ያስደነግጣችኋል ወይ አንቀበልም ትባላላችሁ። ከታከመ አስገቡት፣ ግን የለውዝ ቅቤው አለርጂ ስላለው ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ እንደማይሞሉ አሳዩ።

ለከርሞ ማቆየቱን አልመክርም፤ ውሉ የሚፈረመው ዘንድሮ ነውና። ደግሞ እነዚህ ፖሊሲዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ችግሩ በታወቀበት ቀን ነው፤ ምርቱ በተሠራበት ቀን አይደለም። አንዳንዱ ግን ከተወሰነ ቀን በፊት የተመረተውን አይሸፍንም። አሁን ሱቅ ላይ ያለው የለውዝ ቅቤ የተሠራው ከወራት በፊት ነው። ስለዚህ ለወኪላችሁ ስትጽፉ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሁን፦ ፖሊሲው ነገ ቢጀምር፣ ባለፈው ወር ተመርቶ ዛሬ መደርደሪያ ላይ ያለው ባች ይሸፈናል ወይስ አይሸፈንም?